ቀድሞ የተጋጨው ፓራውልት

ፓራውልቱ፣ ያ የመኪና ግንባር መከላከያ ብረት፣ መኪናው ላይ ከመታሰሩ ከአሥር ቀን በፊት ተጋጨ።

ያን ጊዜ በሁለት በርሜሎች ላይ ተጋድሞ ነበር። ብየዳው አልቋል፤ ፀረ ዝገቱ ተቀብቶ ደርቋል። መኪናው ከተማ ውስጥ እንኳን አልነበረም። ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ መንበሩ የግቢውን በር ከፍቶ ሲገባ፣ ፓራውልቱን ከመሃሉ ትንሽ ወደ ግራ ጎድጉዶ አገኘው።

ይመር እባላለሁ። ሎግያ ውስጥ፣ የጅቡቲው አስፋልት ዳር ጎማ እጠግናለሁ፤ ይመር ጎሚስታ ይሉኛል። የመንበሩንና የእህቱን የትርንጎን ጋራዥ ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። አጥሩ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ስላለው እንደ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ያየሁትን አየሁ ብዬ እናገራለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ማን እንደነገረኝ እናገራለሁ።

መንበሩ በያጅ ነው። ትርንጎ በሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ቀለም ቀቢ ናት። ከኮምቦልቻ አብረው መጥተው አሥራ አራት ዓመት እሱ የበየደውን እሷ ስትቀባ ኖረዋል። እሱ ወሬ ይወዳል። እሷ ቀኑን ሙሉ ከኮምፕሬሰር ጩኸት ጋር ስለምትውል ሳያስፈልግ አትናገርም። ሁለቱም አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የሚተያዩበትን ሁኔታ ሳይ ግን እርስ በርስ መጠባበቃቸው ለሌላ ነገር ጊዜ የሚተውላቸው አይመስለኝም ነበር።

ፓራውልቱን ያሠራው ያዮ ነው። ያዮ የአፋር ልጅ ነው፤ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር አለው። በረሃው ውስጥ ካሉት መንደሮች ሕመምተኛና ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ያመላልሳል። የሚሄድበት መንገድ መንገድ አይባልም፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ግመል ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው ፓራውልት ግማሹ ረግፎ ግማሹ በሽቦ ታስሮ ነበር።

«ግመል ቢመታኝ ራዲያተሩን የሚያተርፍልኝ ነገር ሥራልኝ» አለው መንበሩን።

መንበሩ አሮጌውን አውልቆ ጣለና መጀመሪያ በካርቶን ለካ። ካርቶኑን መኪናው ግንባር ላይ አስደግፎ በእርሳስ አሠመረው፤ ቆረጠው፤ ያዮ መኪናውን ይዞ ወደ ሥራው ሄደ። ከዚያ የካርቶኑን ቅርጽ አራት ሚሊ ላሜራ ላይ ገለበጠው። ላሜራውን አጠፈ፣ ማዕዘኖቹን በየደ፣ ከላይ ራዲያተሩን የሚከልል ከቱቦላሬ፣ ከብረት ቧንቧ፣ የታጠፈ ቅስት አቆመበት፣ ከታች ለመጎተቻ ሁለት ወፍራም ጆሮዎች አወጣለት። ብየዳውን በግራይንደር አለሰለሰው። ሦስት ቀን ፈጀበት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተሻለ ሥራ አልሠራም፤ ይህን የሚለው ራሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ነው እንግዲህ ጎድጉዶ ያገኘው።

በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኝና ሄጄ አየሁት። ጉድጓዱ የእንጀራ ሞሶብ ክዳን ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ አራት ጣት ነው። የገረመኝ ቀለሙ ነው። የተቀባ ብረት ሲመታ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ይሄኛው ግን ከጉድጓዱ ጋር አብሮ ወርዶ ለስልሶ ተኝቷል።

«ማነው የመታው?» አለኝ መንበሩ።

«እኔ ድምፅ አልሰማሁም።»

«አራት ሚሊ ነው እኮ ይመር። በመዶሻ ሦስት ቀን ብትቀጠቅጠው እንዲህ አይሆንም።»

«ታዲያ በምን ነው እንዲህ የሚሆነው?»

ትንሽ አሰበ። «በሰባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት» አለ።

ትርንጎ መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየችው። የብርጭቆ ወረቀቷን አመጣች።

መንበሩ ጉድጓዱን ከጀርባው በእሳት አሙቆ በመዶሻ መለሰው። ትርንጎ የቀረውን ሸካራ በስቱኮ ሞልታ ፈገፈገችው፤ እንደገና ፀረ ዝገት ቀባችው። ማታ በሩን ስንዘጋ ደህና ነበር። ጠዋት ጉድጓዱ በቦታው ነው። ስቱኮው አልወደቀም። እሱም ከብረቱ ጋር ጎድጉዷል።

ሁለተኛው ቀን ላይ መንበሩ ያንን ቦታ ቆርጦ አወጣው። የቆረጠውን ቁራጭ ግድግዳ ሥር ወረወረው፤ ቁራጩ መሬት ሲነካ ከሱቅ እንደወጣ ላሜራ ቀጥ ያለ ነበር። ይህን እኔም አይቻለሁ፤ በእጄም ዳብሼዋለሁ። በምትኩ ስድስት ሚሊ ብረት ቆርጦ በየደበት።

ስድስት ሚሊው በማግስቱ ምሳ ስንበላ ጎደጎደ። ሦስታችንም ጥላው ውስጥ ተቀምጠን ነበር፤ ፓራውልቱ ከእኛ አምስት እርምጃ ይርቃል። ድምፅ አልነበረውም። ውሻ ሲተኛበት አሸዋ ቀስ ብሎ እንደሚሰረጉደው፣ ብረቱ ቀስ ብሎ ሰረጎደ። መንበሩ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ትርንጎ ሰዓቷን አየች።

«ስድስት ተኩል» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም ምግቡን አልነካውም።

ጉድጓዱ በታየ በአምስተኛው ቀን ከአጠገቡ እጅ ወጣ። እጅ ስል የእጅ ምልክት ማለቴ ነው፤ ጣቶቹ ተዘርግተው መዳፉ ብረቱ ውስጥ የገባ የግራ እጅ። አውራ ጣቱና ሦስቱ ጣቶች ቀጥ ብለዋል። ትንሿ ጣት ከመጨረሻው አንጓዋ ላይ ወደ ውጭ ተጣማለች።

ያንን ጣት አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የኮምፕሬሰሩ ማሽከርከሪያ ቺንግያ ይዞት ሲሰብረው፣ ጣቱን በጎማ ልጣጭና በእንጨት አስሬ ወደ ጤና ጣቢያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሎግያ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣት ያላት አንዲት ሴት ናት።

መንበሩ ጆንያ አለበሰው። ወደ እኔ መጥቶ ጆሮዬ ሥር «ለእትዬ እንዳትነግራት» አለኝ። «እሺ» አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትርንጎ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። «ጆንያውን አንስቼ በስቱኮ ደፍኜ መልሼ አልብሼዋለሁ» አለች። «መንበሩ ለጉድጓዱ ብሎ ነው ያለበሰው፤ እጁን አላየውም መሰለኝ። እንዳትነግረው። እንቅልፍ አይተኛም።»

«እሺ» አልኳት።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያዮ ሊወስደው መጣ።

ስቱኮው ደርቆ ነበር፤ እጁ ግን በስቱኮው ላይ እንደገና ወጥቷል። መንበሩ ገና አልደረሰም፣ ሌላ ቀን ተመለስ ምናምን እያለ ሊሸኘው ሞከረ። ያዮ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎት ጆንያውን ገለጠ። ቁጢጥ ብሎ በመዳፉ ጉድጓዱን ዳበሰ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የነዳ ሰው ነው፤ ብረት ላይ የተጻፈውን ያነባል።

«ይሄ ግመል አይደለም» አለ። «ግመል ስትመታው እግሩ ነው የሚሰበረው። ሰውነቱ ኮፈን ላይ ይመጣል። ይሄ ሰው ነው።»

መዳፉን ከጉድጓዱ ወደ እጁ ምልክት አሻገረ።

«የሸሸ ሰውም አይደለም። የሚሸሽ ሰው በጎኑ ወይ በጀርባው ነው የሚመታ። ይሄ ፊት ለፊት ቆሞ፣ እጁን ዘርግቶ ነው የጠበቀኝ።» ቀና ብሎ አየን። «ማነው?»

ትርንጎ የሥራ ጓንት አድርጋ ነበር። የግራውን አወለቀችና እጇን ከብረቱ አጠገብ ዘረጋችው። አላስነካችውም። አጠገቡ ብቻ። መንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያዮ እጇንና ብረቱን አስተያየ። ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ።

«አልወስደውም» አለ። «ሰው መትቼ አላውቅም።» ግንባሩ ባዶ የሆነውን መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።

ያን ጊዜ ሁላችንም ያለቀ መስሎን ነበር። ፓራውልት የሌለው መኪና በፓራውልት ሰው አይመታም። መንበሩ ብረቱን ቆራርጬ እጥለዋለሁ አለ፤ ግን አልቆረጠውም። ለምን እንዳልቆረጠው ስጠይቀው «እጁ አለበት እኮ» አለኝ። ግራይንደሩን ሁለት ጊዜ አስነሥቶ ሁለት ጊዜ አጥፍቶታል።

ያዮ በዘጠነኛው ቀን ጨው በጫነ መኪና ተጎትቶ ተመለሰ።

የሆነውን ራሱ ነው የነገረን። ሐዋ ከምትባል ምጥ የያዛት ሴትና ከእናቷ ጋር በዋዜማው ንጋት ላይ ተነሥቷል። ከአስፋልቱ ስድሳ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ግመል ከቁጥቋጦ ወጣ። ያዮ ፍሬን ይዟል፤ ፍጥነቱም ትንሽ ነበር። ግመሉ ራዲያተሩን ሰብሮት ውሃው አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ስልክ አይሠራም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መኪናው ሥር ባለችው ጥላ ተቀመጡ። ሐዋ እዚያው ወለደች። ሕፃኑ ሰባት ጊዜ ተነፈሰ፤ አያቱ ቆጥራዋለች። ጨው የጫነው መኪና ሲደርስ አያቱ ሕፃኑን በሻሿ ጠቅልላ ጨርሳ ነበር። ሐዋ ተርፋ ሆስፒታል ናት።

ያዮ ይህን ሲነግረን በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። የመጣለትን ውሃ አልጠጣም።

«ትንሽ ግመል ነበር» አለ። «ፓራውልቱ ቢኖር መኪናው አይቆምም ነበር።»

እኛን ለመውቀስ አልነበረም። የሆነውን ነው የተናገረው። መንበሩ ግን በጥፊ እንደተመታ ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

«እህቴ ዳሌሎ መንደር ናት» አለ ያዮ ቀጥሎ። «የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ዛሬ ነገ እያልን ነው። ከእኔ በቀር ወደዚያ የሚገባ መኪና የለም።»

ትርንጎ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እሰርለት» አለች መንበሩን።

«አላስርም።»

«ራዲያተሩን ዛሬ ቀይሩለት። እኔ ነገ ቀብቼ እጨርሳለሁ። ከነገ ወዲያ ታስርለታለህ።»

«ሰው የሚገድል ብረት በእጄ አላስርም እትዬ!»

«የገደለው ሰው የለም።»

«ሊገድል ነው እኮ!»

«ማንን?»

መንበሩ የያዘውን የብሎን ቁልፍ መሬት ላይ ወረወረው፤ ቁልፉ ነጥሮ በርሜሉን መታና ጮኸ።

«ጣቱን አይተኸዋል» አለች ትርንጎ ዝግ ብላ።

«አንቺም አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

ወንድምና እህት አራት ቀን ሙሉ አፍ አውጥተው ያልተነጋገሩበት ነገር በዚህ ወጣ። መንበሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን በቅባታም እጁ ሸፈነው። ትርንጎ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ድምፅዋ ስለ ቀለም ድብልቅ ስታወራ እንደሚሆነው ነበር።

«ስማኝ። ያዮ ምን አለ? ቆሞ የጠበቀ ሰው ነው አለ። እሺ፣ እኔ ልቁምለት። መኪናው ግን ቆሞ ነው የምቆምለት። ጎማው ይውለቅ። ባትሪው ይውጣ። መምታት ካለበት እንደዚያ ሆኖ ይምታኝ።»

ማናችንም የተሻለ ሐሳብ አልነበረንም።

በማግስቱ ቀባችው። እኔ እንደ ወትሮዋ አይደለም የምትቀባው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንደ ወትሮዋ ነበር። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፣ አቧራውን ጠረገች፣ በቲነር በተነከረ ጨርቅ ወለወለች። ከዚያ ድንጋይ የማይፍቀውን ያንን ሸካራ ጥቁር ቀለም ከማጠንከሪያው ጋር ደባልቃ ነፋችበት፤ አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለተኛ። የሎግያ ፀሐይ ከምድጃ አይተናነስም፤ ቶሎ አደረቀው። ጉድጓዱን አልዘለለችውም። የእጁ ምልክት ላይ ስትደርስ የቀለም መርጫውን ጠጋ አድርጋ በየጣቶቹ መካከል በጥንቃቄ ነፋች። ትንሿ ጣት ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች።

«እዚህ ጋ ቀለም አይይዝም» አለችኝ። «ይሞቃል።»

በእጄ ነካሁት። ከሌላው ብረት ይልቅ ይሞቅ ነበር። ፀሐይ ነው አልኳት። እሷም ፀሐይ ነው አለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ፓራውልቱ ታሰረ። ስምንት ብሎኖች ናቸው፤ አራት በቀኝ፣ አራት በግራ፣ በቀጥታ ሻንሲው ላይ። መንበሩ እያንዳንዱን ሲያጠብቅ ይጸልይ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ያዮ ባትሪውን አውጥቶ እኔ በር ላይ አስቀመጠው። ቁልፉን ለመንበሩ ሰጠው፤ መንበሩ ኪሱ ከተተው። እኔ መኪናውን በክሪክ አንሥቼ አራቱንም ጎማ አወለቅኩ፤ ከሥሩ የእንጨት ጉማጅ ደረደርኩ። ጎማ ቢኖረው በሚቆምበት ከፍታ ልክ እንዲሆን በሜትር ለካሁት። በሜትር ለካው ያለችኝ ትርንጎ ናት። በኋላ ልኩ ትክክል አልነበረም የሚባል ነገር እንዳይመጣ ነው።

አራት ሰዓት ላይ ሁሉም አለቀ። ያዮ የሚታይ ነገር ካለ ልይ ብሎ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ትርንጎ ሰማያዊ ቱታዋን ለብሳ ከመኪናው ፊት ቆመች። መንበሩ ከኋላዋ ሆኖ የቱታዋን ቀበቶ በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ሦስት ስቆጥር ሳበኝ» አለችው።

«ሳትቆጥሪ ብስብሽስ?»

«እቆጥራለሁ።»

ወደ ፊት ዘመም አለች። ዳሌዋና ጭኗ ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ሳህን ሳህን ላይ እንደሚቀመጥ ገጠሙ። ከዚያ ግራ እጇን ዘርግታ ምልክቱ ላይ አሳረፈችው። ትንሿ ጣቷ ቦታዋን አገኘች።

ነፋስ አልነበረም። ግቢው ውስጥ የተሰጣ ጨርቅ አልተንቀሳቀሰም። የትርንጎ ሻሽ ግን ከራሷ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ በረረ፤ ጸጉሯም ወደ ኋላ ተዘረጋ፤ ጉንጮቿ ወደ ጆሮዋ ተሳቡ። ያዮ በኋላ እንደነገረኝ፣ ባትሪ በሌለው መኪና ውስጥ የፍጥነት መለኪያው ቀስት ከዜሮ ተነሥቶ ሰባ ላይ ደረሰ፤ እዚያ ትንሽ ቆየ፤ ተመለሰ።

«አንድ» አለች ትርንጎ። «ሁለት።»

ሦስት አላለችም። መንበሩ ሳባት። ሁለቱም ወደ ኋላ ወደቁ።

ስናነሣት ዓይኗ ክፍት ነው። እጇን አየሁ፣ እግሯን አየሁ፤ ምንም አልሆነችም። ውሃ ጠየቀችን፤ አንድ ጆግ ሙሉ ጠጣች። ከዚያ ሁላችንም ወደ ፓራውልቱ ዞርን። ጉድጓዱ የለም። እጁም የለም። ብረቱ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቀለሙ አንድም ቦታ አልተጫረም። መንበሩ በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። ጥሩ ብረት የሚሰጠውን ድምፅ ሰጠ።

መንበሩ ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ እንደገና ሳቀ። እህቱን አንገቷን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። ያዮ አላህን አመሰገነ። እኔም እንደ ልጅ እየዘለልኩ ጎማዎቹን መለስኩ። ትርንጎ ብቻ ሻሿን ከአጥሩ ላይ አንሥታ ሳትስቅ አሰረች።

«ምነው?» አልኳት።

«ሦስት እላለሁ ብዬ ነበር» አለች። «ቃሉ አፌ ውስጥ አልነበረም።»

ያዮ አምስት ሰዓት ሳይሞላ ወደ ዳሌሎ ወጣ። አዲሱ ፓራውልት ፀሐይ ላይ ጥቁር ሆኖ፣ መኪናው ሌላ መኪና መስሎ ነበር። አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ ድረስ ከኋላው አየነው። ከኋላው ምንም የተለየ ነገር አልነበረውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚያው አቅጣጫ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በሬ ላይ ቆመ። ወፍራም፣ ጨዋ የናዝሬት ሰው ነው። መንገድ ላይ የቀየረውን የፈነዳ ጎማ አውርዶልኝ ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። ትርንጎ ከእኔ አጠገብ፣ የተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ብቻዋን መሆን አልፈለገችም። መንበሩም ሥራውን ትቶ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«የዚህ አገር ሰው ደህና ነው ግን?» አለኝ ሹፌሩ።

«ምነው?»

«መንገድ ላይ አንድ ላንድክሩዘር አለፈኝ። ከፊቱ ሴት ነበረች።»

«ስትሮጥ?»

«አልሮጠችም። ትሄዳለች። ወደ ኋላዋ ነው የምትሄደው። ግራ እጇን ፓራውልቱ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ሹፌሩ አድርጋ።» ላቡን ጠረገ። «መኪናው ከሰማንያ በላይ ይበር ነበር ወንድሜ። እሷ ግን ትሄዳለች። ቀስ ብላ። ሰይጣን ካልሆነ ምናለ በለኝ።»

መንበሩ ከአጥሩ ተላቀቀ።

«ሹፌሩስ?» አልኩት።

«ያያታል። መንገዱን አያይም። እሷን ነው የሚያየው።»

ትርንጎ «ምን ለብሳለች?» አለችው።

ሹፌሩ ሊመልስላት ዞረ። መጀመሪያ ፊቷን አየ። ከዚያ ሰማያዊ ቱታዋን አየ፤ ደረቱ ላይ የተረጨውን ጥቁር ቀለም አየ። አልመለሰላትም። ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ዓይኑን ከእሷ ላይ ሳያነሣ ወደ መኪናው ሄደ፤ ገብቶ በሩን ዘጋ። አስነሥቶ ሄደ። ጎማው እስካሁን እኔ ጋ አለ።

ለያዮ ስልክ ደወልን፤ አይሠራም። መንበሩ ሄደን እንፈልገው አለ፤ በምን እንሄዳለን? ተቀምጠን ጠበቅን። ሰው ሲፈራ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግን፤ በሩን ዘጋን፣ በሩን ከፈትን፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። ትርንጎ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች።

«እዚህ ነው ያለሁት አይደል?» አለችኝ።

«እዚህ ነሽ» አልኳት። እጇን ያዝኩላት። ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ሞቃትም አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትወድቅ፣ መኪናው በሩቁ ታየ። ሦስታችንም ወጥተን መንገዱ ዳር ቆምን። መንበሩ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል፣ ትርንጎ መሃላችን። መኪናው ዝግ ብሎ ይመጣ ነበር። ቀረብ ሲል ከውስጡ የሕፃን ልቅሶ ሰማን፤ ጤነኛ፣ ጉልበት ያለው ልቅሶ። የያዮ እህት ተገላግላለች። በኋለኛው መስኮት የአንዲት አሮጊት ፊት አየሁ፤ እልል ትል ነበር።

ከመኪናው ፊት፣ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ሴትየዋ ትመጣ ነበር።

ወደ ኋላዋ ነው የምትራመደው። ድንጋዩን ሳታይ ትረግጠዋለች፤ አትደናቀፍም። ቱታዋ ሰማያዊ ነው፤ ጸጉሯ ወደ እኛ፣ በነፋስ እንደተያዘ፣ ተዘርግቶ ቀርቷል። ከትከሻዋ በላይ የያዮን ፊት አየሁት። ዓይኑ አይርገበገብም። እንባው እስከ አገጩ ወርዷል፤ አልጠረገውም።

«መንበሩ» አለች ትርንጎ።

«አለሁ እትዬ።»

«እጄን አትልቀቅ።»

«ይዤሻለሁ። አልለቅሽም።»

መኪናው ከእኛ አሥር እርምጃ ላይ ቆመ። ያዮ ሞተሩን አጠፋው። ሕፃኑ ዝም አለ፤ አሮጊቷም እልልታዋን አቆመች። ሴትየዋ እጇን ከፓራውልቱ ላይ አነሣች። ለጥቂት ጊዜ የት እንዳለ እንደሚያስብ ሰው ቆመች።

ከዚያ ፊቷን ወደ እኛ ማዞር ጀመረች። ትርንጎም በመካከላችን፣ በዚያው ፍጥነት፣ ቦታ እንደሚለዋወጥ ሰው፣ ጀርባዋን ወደ መኪናው ማዞር ጀመረች።